ደረትን ከብርድ ብቻ ሳይሆን ከብረትም እንጠብቅ

በማለዳ በሞተር ብስክሌት ወደ ሥራው የሚሄድን ሰው አለባበሱን ልብ ብሎ የተመለከተ ሁሉ፣ ሰውዬው ስለ ደረቱ አጥብቆ የሚያስብ መሆኑን ይረዳል። ጃኬቱን ጀርባውን ወደ ፊት አዙሮ ያጠልቃል፤ ከሥሩም ካርቶን ወይም የታጠፈ ጋዜጣ ያስገባል፤ አንዳንዱም ፎጣ በአንገቱ ጠምጥሞ ጫፉን ወደ ደረቱ ይሰድዳል። ይህን ስለ ምን እንደሚያደርግ ቢጠይቁት፣ «ደረቴን ብርድ እንዳይመታኝ ነው» ብሎ ይመልሳል። እናቱም ከቤት ሲወጣ የምትመክረው ይህንኑ ነው።

ምክሩ መልካም ነው፤ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ሆኖም በመንገድ ላይ ይህን ደረት የሚያሠጋው ብርድ ብቻ አይደለም። የገዛ ሞተር ብስክሌቱ መሪ፣ ከፊቱ የሚመጣው የጭነት መኪና ጥግ፣ የመንገድ ዳር ድንጋይና የኤሌክትሪክ ምሰሶ ከብርዱ ይልቅ ፈጥነው የሚገድሉ ናቸው። ደረቱን ብርድ እንዳይመታው በጥንቃቄ የሚሸፍን ሰው፣ ብረት እንዳይመታው ግን አይሸፍነውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጕድለት ለማሳየትና በእኔ አስተያየት ሊደረግ የሚገባውን ለመግለጽ ነው።

በዚህ በየወሩ በሚወጣው ጽሑፍ ስለ ውኃ ንጽሕና፣ ስለ መጸዳጃ ቤት አሠራር፣ ስለ ዝንብና ስለ ወባ ትንኝ በሰፊው ሲነገር ቈይቷል። «ስለ መንገድና ስለ ሞተር ብስክሌት መናገርማ የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ነው፤ የጤና ጽሕፈት ቤት ምን አግብቶት?» የሚል አንባቢ አይታጣም። ጤናን መጠበቅ ማለት ግን ሰው አስቀድሞ ሊከላከለው በሚችለው ነገር እንዳይሞት ማድረግ ነው። ገዳዩ በዐይን የማይታይ ተሐዋስ ቢሆን፣ ወይም ሁሉ የሚያየው ብረት ቢሆን፣ ለሟቹ ቤተ ሰብ ሐዘኑ አንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ በ2021 በዓለም ላይ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደ ሞቱ ገልጧል። ከነዚህም ውስጥ ከ100 እጅ 21ዱ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ሞተሮች ላይ የነበሩ ናቸው። ይኸው ዘገባ እንደሚያስረዳው፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች ከማናቸውም በሽታ ይልቅ የሚገድላቸው የመንገድ አደጋ ነው። እንግዲህ ይህ የጤና ጉዳይ ካልሆነ፣ የጤና ጉዳይ የሚባለው የትኛው ነው?

እኔ ይህን ነገር የማነሣው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ወረዳ ስሠራ፣ የክትባት መድኀኒት ወደ ቀበሌዎች የሚያደርስ አንድ ትጉህ ወጣት የጤና ሠራተኛ ነበረን። ሞተር ብስክሌቱን ከዕቃ ግምጃ ቤት በሞዴል 22 ወጪ አድርጎ ሲረከብ፣ ወረቀቱን የፈረምሁለት እኔ ነበርሁ። በላዩ የተጻፈውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ሞተር ብስክሌት 1፣ የራስ ቁር 1፣ የጎማ መንፊያ 1፣ መፍቻ ከነመያዣው 1፣ የዝናብ ልብስ 1 ይላል። በዚያን ጊዜ ዝርዝሩን አይቼ ምንም ነገር የጐደለ አልመሰለኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክትባቱን አድርሶ ባዶውን የበረዶ ሣጥን ከኋላው አስሮ ሲመለስ፣ ከአጥር ሥር አንዲት ጥጃ ድንገት ወጣችበት። ፍሬን ሲይዝ ጎማው በጠጠሩ ላይ ተንሸራተተና ወደቀ፤ የመሪውም ጫፍ ደረቱን መታው። በእርሻ ላይ የነበሩ ሰዎች ሮጠው ደርሰው ሲያነሡት፣ «ደኅና ነኝ፤ ትንፋሼ ብቻ አጠረኝ» አላቸው። በእርግጥም አንድ ጠብታ ደም አልታየበትም። ወደ ቅርብ ቤት አስገብተው ውኃና ቡና ሰጡት። የሠፈሩ ወጌሻም ተጠርተው ጎኑን ዳሰሱለት፤ በነጠላም አጥብቀው አሰሩት። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ግን ከንፈሩ እየጠቈረ፣ ላብ እያጠመቀው ሄደ። አምቡላንስ ተጠርቶ ቢመጣም ከሆስፒታል ሳይደርስ በመንገድ ላይ ዐረፈ። የጎን አጥንቶቹ ተሰብረው ደሙ በደረቱ ውስጥ እንደ ፈሰሰ ሐኪሞቹ ነገሩን።

ከቀብሩ በኋላ ንብረቱ ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ ሲሆን፣ ሹሙ መዝገቡን አምጥቶ አስፈረመኝ። ስለ ራስ ቁሩ የተጻፈው «1፤ ሁኔታው ደኅና» የሚል ነበር። እውነትም አንድ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። የራስ ቁሩ ራሱን ጠብቆለታል፤ ደረቱን ግን የጠበቀለት ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ ነው በሞዴል 22 ላይ ምን ሳይጻፍ እንደ ቀረ የገባኝ።

ለመሆኑ በደረት ውስጥ ያለው ምንድን ነው? የደረት አጥንት እንደ ቅርጫት የተሠራ ነው። በቀኝ 12፣ በግራ 12፣ በጠቅላላው 24 የጎን አጥንቶች ከኋላ ከአከርካሪ ጋር ተያይዘዋል፤ ከታች ካሉት ጥቂቶቹ በቀር ወደ ፊት ዞረው ከፍርምባ ጋር ይገናኛሉ። በዚህ ቅርጫት ውስጥ ሁለቱ ሳንባዎች፣ በመካከላቸውም ልብና ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ይገኛሉ። ከበታቹም በቀኝ ጉበት፣ በግራ ጣፊያ በመጨረሻዎቹ የጎን አጥንቶች ሥር ተሸሽገው ተቀምጠዋል። ጭንቅላት ያለ ልብና ያለ ሳንባ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ መኖር አይችልም።

ይህ ቅርጫት ለትንፋሽ የሚሰፋና የሚጠብብ ስለ ሆነ ትንሽ ይለመጣል፤ ነገር ግን በአንድ ስፍራ ላይ ኀይለኛ ምት ሲያርፍበት ይሰበራል። የተሰበረው አጥንት ሹል ጫፍ ሳንባን ይወጋል፤ ከሳንባውም የወጣው አየር በደረት ውስጥ ተጠራቅሞ ሳንባውን ያጣብቀዋል። አየሩ እየበዛ ሲሄድም ልብን ሳይቀር ይጫናል። ብዙ አጥንቶች በሁለት በሁለት ቦታ ከተሰበሩ ደግሞ፣ ያ የደረት ክፍል ከሌላው ተለይቶ ሰውዬው ሲተነፍስ ወደ ውጭ በመነፋት ፈንታ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ትንፋሹም ከንቱ ድካም ይሆንበታል። የአዋቂ ሰው ደም በጠቅላላው ወደ 5 ሊትር ይጠጋል፤ ከዚህም ውስጥ ከ2 ሊትር የሚበልጠው በአንድ በኩል ባለው የደረት ክፍል ውስጥ ብቻ ሊጠራቀም ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው አንዲት ጠብታ ደም ወደ ውጭ ሳይፈስሰው፣ በገዛ ደረቱ ውስጥ ደሙ አልቆ ሊሞት ይችላል ማለት ነው። «ደኅና ነኝ» የሚለውን ቃል አምነን የምንታለለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የምቱን ኀይል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ፍጥነቱን ወደ ከፍታ ለውጦ ያስብ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር የሚጋጭ ሰው፣ ከ3 ሜትር ተኩል ከፍታ እንደ ወደቀ ይቈጠራል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሆን ወደ 10 ሜትር፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሆን ደግሞ 25 ሜትር ያህል ይሆናል። ከሦስተኛ ፎቅ ሰገነት ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲያይ ጕልበቱ የሚንቀጠቀጥ ሰው፣ በዚያው በ10 ሜትር ከፍታ ኀይል በየቀኑ በሸሚዝ ብቻ በአስፋልት ላይ ይበርራል። ፍጥነቱ ከፍታ መሆኑን ዐይኑ ስለማያሳየው አይፈራም። በመኪና ውስጥ ያለ ሰው በዙሪያው የብረት አካል፣ በደረቱም ላይ ቀበቶ አለው። በሞተር ብስክሌት ላይ ያለ ሰው ግን ለራሱ የብረት አካሉም፣ ቀበቶውም፣ ግድግዳውም የገዛ ደረቱ ነው።

ስለ ራስ ቁር፣ ብዙ ሰው ሄልሜት ስለሚለው ዕቃ፣ ዛሬ ክርክር የለም፤ በአገራችን ሕግ የታዘዘ ነው። ነገር ግን ይህም በአንድ ቀን ተቀባይነትን ያገኘ ነገር አይደለም። የዐረቢያው ሎውረንስ ተብሎ የሚታወቀው እንግሊዛዊ መኰንን እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1935 በሞተር ብስክሌት ሲሄድ ወድቆ ራሱ ተጐዳና ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የሆነው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ዐዋቂ ሂው ኬርንስ፣ ከዚያ በኋላ በሞተር ብስክሌት ነጂዎች የራስ ጕዳት ላይ ጥናት አደረገ። ጥናቱንም በ1941 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አወጣ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሠራዊት መልእክተኞቹ በሥራ ላይ ሳሉ የራስ ቁር እንዲያደርጉ አዘዘ። ለሲቪሉ ሕዝብ ግን ሕጉ የወጣው በ1973 ነው። ጥበቡ ከታወቀ በኋላ ሕዝቡ እስኪቀበለው ድረስ 32 ዓመት ዐለፈ ማለት ነው። በኋላ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ የራስ ቁር የሞትን አደጋ ከ100 እጅ 42 ያህል፣ የራስን ጕዳት ደግሞ ከ100 እጅ 69 ያህል እንደሚቀንስ ተረጋገጠ። በነዚያ 32 ዓመታት ውስጥ ሳይሸፍኑ የሞቱትን ማን ይመልሳቸዋል?

ዛሬ ስለ ደረት መከላከያ ያለነው በዚያ ዘመን ስለ ራስ ቁር እንደ ነበሩት ነው። በጃፓን የቶኪዮ ከተማ ፖሊስ በከተማው የሞቱትን ሞተር ብስክሌት ነጂዎች መርምሮ፣ ከራስ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሞተው በደረቱና በሆዱ ላይ በሚደርሰው ጕዳት መሆኑን ስላወቀ፣ ነጂዎች የደረት መከላከያ እንዲለብሱ በየጊዜው ይመክራል። በታወቀው የዓለም የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ላይም፣ ሲወድቁ በቅጽበት በአየር የሚነፋ ልብስ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ለራስ ቁር የተሰበሰበውን ያህል የበዛ ማስረጃ ለደረት መከላከያ ገና አልተሰበሰበም፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ይሁን እንጂ ማስረጃው እስኪሞላ ድረስ ደረትን ገልጦ መጠበቅ ብልኅነት አይመስለኝም።

ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ሊሆን አይገባውም። የቀድሞ ጦረኛ ወደ ዘመቻ ሲሄድ ጋሻውን ትቶ አይወጣም ነበር። በቋንቋችንም ራስን የሚሸፍነው ቁር፣ ደረትን የሚሸፍነው ጥሩር እየተባለ፣ ሁለቱ ስሞች ጐን ለጐን ሲነገሩ ኖረዋል። እኛ ግን ቁሩን ተቀብለን ጥሩሩን ረሳነው።

የዛሬው ጥሩር ከብረት የተሠራ አይደለም። አንዱ ዓይነት ከውጭ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ከውስጥ ወፍራም ስፖንጅ ያለው ነው። ሌላው ሲለበስ ለስላሳ ሆኖ፣ ሲመታ ግን የሚጠነክር ልዩ ስፖንጅ ነው። ለብቻው እንደ ሰደርያ የሚለበስ፣ ወይም በጃኬት ውስጥ ባለ ኪስ የሚገባ አለ። በአየር የሚነፋውም አለ፤ ዋጋው ግን ከሌሎቹ በጣም ይበልጣል። የሁሉም ሥራ አንድ ነው፤ ይኸውም በአንድ ነጥብ ላይ የሚያርፈውን ምት በሰፊው ቦታ ላይ መበተንና ኀይሉን በጥቂቱ ውጦ ማስቀረት ነው። ምስማር በጣውላ ላይ ተደርጎ ቢጫኑት ሰውን እንደማይወጋ ሁሉ፣ የመሪው ጫፍም በመከላከያው ላይ ሲያርፍ አንዱን የጎን አጥንት ብቻ ለይቶ አይመታም።

ለመግዛት የሚፈልግ ሰው በዕቃው ላይ የተጻፈውን ምልክት ያንብብ። በአውሮፓ የደረት መከላከያ የሚፈተንበት ደንብ 1621-3 የሚል ቍጥር አለው፤ ደረጃውም 1 ወይም 2 ይባላል። ደረጃ 2 የሆነው ይበልጥ ይከላከላል። 14021 የሚል ቍጥር ያለበት ግን ከፊት ጎማ የሚፈናጠር ጠጠርን ለመመለስ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ለግጭት መከላከያ አድርጎ መተማመን ስሕተት ነው። ምንም ምልክት የሌለው ዕቃ መልኩ ቢያምርም ምን ያህል እንደሚከላከል የሚታወቅበት መንገድ የለም። መከላከያው ከአንገት ሥር ጀምሮ የፍርምባውን መጨረሻ መሸፈን፣ ማሰሪያውም ሲጠብቅ ከቦታው የማይንሸራተት መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ኀይለኛ ምት ያገኘውን መለወጥ፣ ፀሐይና ቤንዚን እንዳይነካውም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከኋላ የሚሳፈረውም ሰው ደረት እንዳለው መዘንጋት አይገባም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡትን መቃወሚያዎች ሰምቻቸዋለሁ። አንዳንዱ «ይሞቃል» ይላል። እውነት ነው፤ በቈላ አገር ይሞቃል። ነገር ግን ብዙዎቹ መከላከያዎች ነፋስ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ በደጋውም ሙቀቱ ከካርቶኑና ከጋዜጣው የተሻለ መጽናኛ ነው። ሌላው «ውድ ነው» ይላል። በአየር የሚነፋውን ትተን ተራውን ብናይ፣ ዋጋው ከሞተር ብስክሌቱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው፤ ሞተር ብስክሌቱን የገዛ ገንዘብ ይህን ቢያቅተው ያስገርማል። ሦስተኛው ደግሞ «ቀኔ ካልደረሰ አልሞትም፤ ከደረሰም አልቀርም» ይላል። ይህን የሚል ሰው ማታ ቤቱን ቈልፎ ይተኛል፤ ልጁንም ያስከትባል፤ በክረምትም ጃንጥላ ይይዛል። በሌላው ነገር ሁሉ ተጠንቅቆ በደረቱ ላይ ብቻ ለዕጣ የሚተወው ስለ ምን እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እኮ ስለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ከነዚህ ሁሉ የሚከብደው መቃወሚያ፣ «መከላከያ የለበሰ ሰው ተማምኖ ይፈጥናል» የሚለው ነው። ይህን አቅልዬ አላየውም። ስለዚህ የመከላከያው ጕልበት እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ በግልጥ መናገር ያስፈልጋል። በታላቅ ፍጥነት የሚሄድ ሰው ድንገት ሲቆም፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር በውስጥ ተጐትቶ ሊበጠስ ይችላል፤ ይህን የሚከለክል ልብስ የለም። በላዩ የሚሄድ ጭነት መኪናንም የሚመልስ ልብስ የለም። ከ25 ሜትር ከፍታ በሰደርያ ተማምኖ የሚዘልል ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር በመከላከያ ተማምኖ መሮጥም ዕብደት ነው። የመጀመሪያው የደረት መከላከያ ዝግታ ነው፤ ሁለተኛው መጠጥ ጠጥቶ አለመንዳት ነው፤ ጥሩሩ የሚመጣው በሦስተኛ ደረጃ ነው። ቢሆንም እንደኔ ወጣት ባልደረባ በዝግታ ሲሄድ ጥጃ የምትወጣበትም ሰው አለ። መከላከያው የተሠራው ይልቁን ለዚህ ሰው ነው።

ሰው ከወደቀ በኋላ ማድረግ የሚገባንን ደግሞ ሁላችን እንወቅ። ደረቱን የተመታ ሰው ምንም ደም ባይታይበት፣ «ደኅና ነኝ» ቢልም ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ሲተነፍስ የሚወጋው፣ ትንፋሹ እያጠረ የሚሄድ፣ ደም የቀላቀለ አክታ የሚተፋ፣ ከንፈሩ የሚጠቍር፣ ላብ የሚያጠምቀው ወይም አንዱ የደረቱ ጎን ከሌላው ጋር እኩል የማይነሣ ሰው ከሆነ፣ አንዲት ደቂቃ ማባከን አይገባም። ሲነሣም አንገቱና ጀርባው እንዳይጣመም ብዙ ሰው ሆኖ በአንድነት ያንሣው። ምግብም፣ ውኃም፣ ቡናም አይሰጠው፤ ደረቱም በጨርቅ አይታሰር፤ ማሰሩ የቀረውን ትንፋሽ ያጠፋልና። ወጌሻዎቻችን የወለቀ ክንድ እየመለሱ ብዙ ሰው እንደ ረዱ የሚካድ አይደለም። የደረት ነገር ግን በእጅ ዳሰሳ የሚታወቅ አይደለምና፣ እነርሱ ራሳቸው «ይህ የሆስፒታል ነው» ብለው ቢመልሱ ታላቅ ውለታ ነው። ከደረት ጕዳት ብዙው ትልቅ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልገው፣ በጎን በኩል በሚገባ ቱቦ አየሩና ደሙ ወጥቶ ይድናል። ባልደረባዬን ሕይወቱን ያሳጣው በቤት ውስጥ የተቀመጠበት አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሆን አይቀርም ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለእያንዳንዱ ነጂ «ልበስ» ብሎ መምከር ብቻ በቂ ነው ብዬ አላምንም። ደመወዙ ጥቂት የሆነ ወጣት በሌላ ሰው ንብረት፣ ለሌላ ሰው ሥራ ሲጓዝ፣ የደረቱን መከላከያ ከኪሱ ይግዛ ማለት ፍርድ አይደለም። ስለዚህ ሐሳቤ አጭር ነው፤ ሞተር ብስክሌት የሚያሠራ ሁሉ የደረት መከላከያውን ከሞተር ብስክሌቱ ጋር አብሮ ይግዛ። ጎማውና መብራቱ ከዕቃው እንደሚቈጠሩ ሁሉ፣ የነጂው ቁርና ጥሩርም ከዕቃው ይቈጠሩ። ያለ ፍሬን የመጣን ሞተር ብስክሌት ተረክቦ በሞዴል 19 ገቢ የሚያደርግ ግምጃ ቤት የለም፤ ያለ ደረት መከላከያ የመጣውንም እንደዚሁ «ጐዶሎ ነው» ብሎ ይመልስ።

ይህንም ከራሳችን መጀመር ይገባናል። በየወረዳው ክትባት የሚያደርሱት፣ የታመመ ሰው የሚጐበኙት፣ ወረርሽኝ ሲነሣ ቀድመው የሚደርሱት የጤና ሠራተኞች በሞተር ብስክሌት የሚጓዙ ናቸው። የሰውን ጤና እንዲጠብቁ የላክናቸውን ሰዎች ሳንጠብቃቸው ስንልክ፣ ለሌላው የምንሰጠው ምክር ክብደት አይኖረውም። የእርሻና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም እንዲሁ ያድርጉ። በከተማ ዕቃና ምግብ በሞተር ብስክሌት የሚያደርሱ ድርጅቶች፣ የማርካቸውን ልብስ ለነጂዎቻቸው ሲያሰፉ፣ በዚያው ልብስ ውስጥ መከላከያው የሚገባበትን ኪስ ያሰፉበት። ሞተር ብስክሌት እያከራዩ የቀን ገቢ የሚቀበሉ ባለንብረቶችም፣ የንብረታቸውን ደኅንነት የሚጠይቁትን ያህል የነጂውን ደኅንነት ይጠይቁ። ነጋዴዎችም ምልክት ያለውን ዕቃ ያስመጡ። አምስት ወይም ስድስት ሆነው በአንድ ተራ የሚሠሩ ነጂዎች ደግሞ ዕቁባቸውን በየተራ ለዚህ ቢያውሉት፣ በጥቂት ወር ውስጥ ሁሉም ለባሽ ይሆናሉ።

እኔ ዛሬም የሞዴል 22 ወረቀት ቀርቦልኝ እፈርማለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ከራስ ቁሩ በታች አንድ መሥመር ጨምሬ «የደረት መከላከያ 1» የሚል ካልተጻፈ ፊርማዬን አላኖርም። በዚህ የተነሣ ሁለት ጊዜ ከግዢ ክፍል ጋር ተከራክሬአለሁ፤ አንድ ጊዜም ሞተር ብስክሌቱ ሦስት ሳምንት በግምጃ ቤት ቆሟል። ሥራው በመዘግየቱ አዝኛለሁ፤ በመፈረሜ ግን እንደ ቀድሞው የሚያሳዝነኝ ነገር አልተከተለም። አንባቢ ሆይ፣ አንተም የምትፈርምበት ወረቀት ቢኖር ይህን መሥመር ጨምርበት። የምትፈርምበት ከሌለህም፣ ልጅህ ወይም ወንድምህ በማለዳ ሞተር ብስክሌቱን አስነሥቶ ሲወጣ የተለመደውን ምክር ንገረው፤ «ደረትህን ሸፍን» በለው። በምን እንደሚሸፍነው ግን አክለህ ንገረው።